ከድፍረቱ በፊት ማኅተሙ

«ለመጓዝ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ድፍረት ነው» የሚል ስብከት በእኛ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መንደር መሰማት ከጀመረ ሰንብቷል። ስብከቱ መልኩን እየለዋወጠ ይመጣል። አንዳንዴ ከባቡር መስኮት አጠገብ በተቀመጠ ሰው ፎቶግራፍ ግርጌ ይጻፋል፤ አንዳንዴ በግጥም ምሽት ላይ ከመድረክ ይነገራል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ አውሮፓን በቀን ሃያ ዩሮ ስለ መዞር የተጻፈ ረጅም የጉዞ ማስታወሻ ሆኖ እጃችን ይገባል። የሁሉም ፍሬ ነገር አንድ ነው። ቦርሳህን በጀርባህ አንግተህ ባቡር ላይ ውጣ፣ ዳቦህን በጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ግመጥ፣ ሌሊቱን በመቀመጫህ ላይ አሳልፈው፤ ያን ጊዜ ዓለም ያንተ ትሆናለች። ካልሄድህ ግን ሰበቡን ሌላ ቦታ አትፈልግ፤ የጎደለህ ልብ ነው።

የእኔ ጠብ ከዚህች ከመጨረሻዪቱ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ሰባኪዎቹ የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ጉዞ ብቻ ቢሆን ኖሮ «መልካም መንገድ» ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። ያልሄደውን ሰው ፈሪ ብለው ሲበይኑ ግን ዝምታ ነውር ይሆናል። ደግሞም ስብከቱ የተነገረው ለእኛ ነው፤ ለግጥምና ለልቦለድ ወዳጆች፤ ማለትም ባማረ ቃል ለመሸነፍ ከማንም በላይ ለተዘጋጀን ሰዎች።

በቅድሚያ ግን ለከሰስሁት ወገን የሚገባውን ልስጥ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአውሮፓ የባቡር ድርጅቶች ለውጭ አገር ጎብኚዎች በአንድ ትኬት ብዙ አገር የሚያስዞረውን ዩሬይል የተባለ ፈቃድ ያወጡት በ1959 ነው። በ1972 ደግሞ የዓለም አቀፉ የባቡር ሐዲዶች ኅብረት 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለራሳቸው ለአውሮፓውያን ወጣቶች ኢንተርሬል የተባለውን ትኬት አስጀመረ። ዕድሜው ከ21 ያልበለጠ ልጅ በአንዲት ወረቀት ለአንድ ወር በ21 አገሮች እንዲመላለስ ተፈቀደለት። ያን ጊዜ አህጉሩ ከታላቁ ጦርነት ከወጣ ገና 27 ዓመቱ ነበር። አባቶቻቸው በጦር ባቡር የተጓዙበትን ሐዲድ ልጆቹ ጊታርና የመኝታ ከረጢት ይዘው ተመላለሱበት። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት 18 ዓመት ለሞላቸው ወጣቶች በውድድር የባቡር ትኬት በነፃ ያድላል። ልጆቹን የጎረቤትን ደጅ እንዲያውቁ በሕዝብ ገንዘብ የሚልክ አህጉር ይመሰገናል እንጂ አይነቀፍም።

ጉዞውንም ቢሆን ከሩቅ አላማሁትም፤ ቀምሼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፍራንክፈርት ያለች ዘመዴ ጋብዛኝ ሄጄ፣ ከዚያ ተነሥቼ በጎታ፣ በቪየናና በቬኔሲያ አድርጌ እስከ ሮማ ድረስ በባቡር ተጉዣለሁ። በጀቴ ጠባብ ነበር፤ የቦርሳዬን ሲሶ የያዘው በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። በሶውን በፕላስቲክ ኩባያ ስበጠብጥ ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት አሮጊት መድኃኒት መስሏቸው በኀዘኔታ ሲመለከቱኝ ትዝ ይለኛል። በቪየና የቧንቧው ውኃ ከ1873 ጀምሮ ከአልፕስ ተራሮች ምንጭ እየተሳበ የሚመጣ ነውና በፕላስቲክ የታሸገ ውኃ መግዛት አላስፈለገኝም። በሮማ ደግሞ ሮማውያን «ናዞኒ»፣ ማለትም «አፍንጫ ትልልቆቹ»፣ የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች በየመንገዱ ጥግ ቀንና ሌሊት በነፃ ይፈሳሉ። ከቪየና ወደ ደቡብ ሲኬድ የሚገኘው የዘመሪንግ ሐዲድ በ1854 የተከፈተ ነው፤ ባቡሩ በገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ብዕር ያልያዘ ሰው እንኳ ግጥም ይመጣበታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለዚህ ሁሉ የከፈልሁትም ብዙ አይደለም።

ታዲያ ጠቡ ምንድን ነው? ጠቡ ሂሳቡ ላይ ነው።

እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የማየው ከመዝገቡ የተዘለለውን ገጽ ነው። የርካሽ ጉዞ ማስታወሻዎችን አገላብጣችሁ እንደሆነ የወጪው ዝርዝር ሁልጊዜ ከጣቢያው እንደሚጀምር ታስተውላላችሁ። ትኬት ይህን ያህል፣ አልጋ ይህን ያህል፣ ዳቦና አይብ ይህን ያህል። ከጣቢያው በፊት የተከፈለው አይጻፍም። ለብዙዎቹ ጸሐፊዎች በእርግጥ ከጣቢያው በፊት የሚከፈል ነገር የለም፤ ፓስፖርታቸው ከፍሎላቸዋል። የእኛ አገር ሰው ግን ጣቢያው ደጃፍ ሳይደርስ በፊት የከፈለው ከጣቢያው በኋላ ከሚከፍለው ሊበልጥ ይችላል።

እስቲ እንቁጠረው። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ክፍያ እስከ 2024 አጋማሽ 80 ዩሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 90 ሆነ። በቀን ሃያ ዩሮ እዞራለሁ በሚለው ሰው መስፈሪያ ይህ የአራት ቀን ተኩል ጉዞ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ገንዘቡ አይመለስም፤ ስለዚህ አንድም ባቡር ሳታይ አራት ቀን ተኩል ተጉዘህ ቤትህ ትገባለህ ማለት ነው። ከዚያ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ይጠየቃል። ከዚያ የሥራ ማስረጃ፣ ከዚያ የማረፊያ ማረጋገጫ ወይም የጋባዥ ደብዳቤ፣ ከዚያ የባንክ ስቴትመንት።

ስለ ስቴትመንቱ ትንሽ እንዳወራ ይፈቀድልኝ፤ በየቀኑ የማትመው ወረቀት ነውና። ለቪዛ የሚፈልገውን ሰው ከመስኮቱ ማዶ ገና ሲመጣ ትለየዋለህ። ወረቀቱን ሲቀበል አንብቦ አያበቃም፤ ማኅተሙ በደንብ መታየቱን ደጋግሞ ይጠይቃል። አንዳንዱ ሂሳብ ወራቱን ሙሉ ደመወዝ ገብቶ ደመወዝ የሚወጣበት ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን በድንገት ያብጣል። አጎት አበድሯል፤ እቁብ ወጥቷል፤ እኅት ከዓረብ አገር ልካለች። ያ ገንዘብ ለመጓዝ የተሰበሰበ አይደለም፤ ለመታየት የተሰበሰበ ነው። ከታየ በኋላ ወደየባለቤቱ ይመለሳል።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ድኻ መስሎ ለመጓዝ በመጀመሪያ ድኻ አለመሆንን ማስመስከር ግድ ይላል። የጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ዳቦ ለመግመጥ የሚፈልገው የእኛ አገር ልጅ፣ ሆቴል ተኝቶ ምግብ ቤት የሚበላ ሰው መሆኑን በወረቀት ማረጋገጥ አለበት። የፈረንጁ ወጣት ድህነቱን በጀብዱነት ያሳያል፤ የእኛው ልጅ ያንኑ ድህነት በመሐላ ይክዳል። ይህን ልዩነት «ድፍረት» በሚል አንድ ቃል መሸፈን ሐሰት ነው።

በ2024 ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የቪዛ አሰጣጥ ላይ ጊዜያዊ ገደብ ጣለ። የማመልከቻ መመርመሪያው መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥም ተወሰነ። ምክንያቱ ተብሎ የተገለጸው በዚያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ መንግሥታችን በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነበር። መንግሥታት በመንግሥታት ላይ ያሻቸውን ይበሉ፤ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የቬርዲን አገር ለማየት ሲያጠራቅም የኖረ አንድ የሙዚቃ መምህር ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት እጥፍ ቀን ሲጠብቅ ከርሞ እንደሆነ፣ ድፍረቱ ነው የቀነሰው? በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። የመምህሩ ደመወዝ ባለበት ቆሞ ጉዞው እጥፍ ሊወደድ ጥቂት ቀረው። ይህንንስ ልቡ ነው ያመጣው?

ከዚህ ሌላ ማንም የማይናገርለት አንድ ብልሃት አለ። ርካሽ ጉዞ ርካሽ የሚሆነው ቀኑን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። በብዙ አገር የፈጣኑ ባቡር ትኬት ከወራት በፊት ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ወርካሹም አልጋ ቀድሞ ያልቃል። የዩሬይልን ወይም የኢንተርሬልን ፈቃድ የያዘ ሰው እንኳ በፈረንሳይ፣ በኢጣሊያና በስፔን ፈጣን ባቡሮች ላይ መቀመጫ ለማስያዝ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ለፈቃድ ባለቤቶች የተመደበው መቀመጫም ሊያልቅ ይችላል። እንግዲህ ፓስፖርቱ በጉዞው ዋዜማ ከነማኅተሙ የተመለሰለት ሰው ምን ይሆናል? ውዱን ይገዛል፤ ወይም በየመንደሩ እየቆመ በሚሄደው ዘገምተኛ ባቡር ይንፏቀቃል። አንዱ ትኬት ሁለት ዋጋ አለው፤ ውዱን የሚከፍለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ያለው ነው። ባንክ ቤት ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ያለው ሰው ሲበደር ወለዱ ዝቅ ይልለታል፤ የሌለው አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል።

ሉክሰምበርግ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የሕዝብ መጓጓዣ በነፃ ሆኗል፤ ከባቡር አንደኛ ማዕረግ በቀር አውቶቡሱም፣ ትራሙም፣ ባቡሩም ትኬት አይጠይቅም። ለጠባብ በጀት ተጓዥ ከዚህ የተሻለ ገነት የለም። በዚያች ትንሽ አገር ዳርቻ፣ በሞዜል ወንዝ ዳር፣ የወይን እርሻ የከበባት አንዲት መንደር አለች። በ1985 ሰኔ ውስጥ አምስት አገሮች በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ለማስቀረት የተፈራረሙት በዚህች መንደር አጠገብ፣ ወንዙ ላይ በቆመ መርከብ ውስጥ ነው። የመንደሯ ስም ሼንገን ይባላል። እንግዲህ ወደ ሼንገን የሚወስደው አውቶቡስ ነፃ ነው፤ ወደ አውቶቡሱ የሚወስደው መንገድ ግን በራሷ በሼንገን ስም በተጠራ ማኅተም የተዘጋ ነው። የርካሽ ጉዞ ሰባኪ ስለ ነፃው አውቶቡስ ብቻ ቢነግረን ውሸት አልተናገረም፤ እውነቱን ግን አጋምሶታል።

«ይህ ፖለቲካ ነው፤ እኛ የምናወራው ስለ ውበት ነው» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። መልካም፤ ስለ ውበት እናውራ። የባቡር ጣቢያ ውብ ነው። በቡዳፔስት የሚገኘው የኬለቲ ጣቢያ በ1884 የተከፈተ፣ ቅስቱ የቤተ መንግሥት በር የሚመስል፣ በየጉዞ ማስታወሻው የሚወደስ ነው። በ2015 መስከረም መባቻ በዚያ ጣቢያ ደጃፍ በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች መሬት ላይ ተኝተው ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ በገንዘባቸው የገዙት ትኬት በእጃቸው ነበር። ባቡሩ ግን ተከለከለባቸው። መስከረም 4 ቀን ሕፃናቶቻቸውን በትከሻቸው አድርገው ወደ ኦስትሪያ ድንበር በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በኢጣሊያና በፈረንሳይ ድንበር፣ በቬንቲሚልያ፣ ከአፍሪካ የመጡ ወጣቶች ፈረንሳይ እንዳይገቡ ተከልክለው በባሕሩ ዳር ድንጋዮች ላይ ለወራት ሰፍረው ከርመዋል። በአጠገባቸው የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ የሚያልፈው ባቡር በጉዞ መጻሕፍት እጅግ ከሚወደሱት መስመሮች አንዱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ ሥዕል አስተያያቸው። ሁለቱም ወጣት ናቸው። ሁለቱም ቦርሳ አንግተዋል። ሁለቱም ዳቦ በአይብ ይበላሉ፤ በጣቢያ ወለል ላይ ይተኛሉ፤ ልብሳቸውን በመጸዳጃ ቤት ያጥባሉ፤ ቀጣዩን ከተማ በስሙ ብቻ ያውቁታል። አንደኛውን «ጀብደኛ ተጓዥ» እንለዋለን፤ መጽሐፍም ይጽፋል። ሁለተኛውን «ሕገ ወጥ» እንለዋለን፤ መዝገብ ይጻፍበታል። ድፍረት የጉዞ መመዘኛ ቢሆን ኖሮ የሰሃራን በረሃና የሜዲትራኒያንን ባሕር ያቋረጠው ልጅ የትኛውንም ባቡር ያለ ትኬት በተሳፈረ ነበር። «ድፍረት ብቻ» የሚለው ስብከት ውበት የጎደለው ለዚህ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ካሉት ሁለት ሰዎች አንዱን ይሰርዛል፤ ሰው የተሰረዘበት ሥዕል ደግሞ በሥነ ጽሑፍም ሚዛን ጎዶሎ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ምስክር ይቅረብ ከተባለም ሰባኪዎቹ ሁልጊዜ የሚጠሩት አርቱር ራምቦ ነው፤ የቦሄምያኑ ቅዱስ፣ ለእኛም በሐረር ምክንያት የሩቅ ዘመድ። እውነት ነው፣ በ1870 ነሐሴ ገና 15 ዓመቱ ሳለ ከእናቱ ቤት ጠፍቶ፣ ሙሉ ትኬት ሳይቆርጥ በባቡር ፓሪስ ገብቷል። ሰባኪዎቹ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ልጁ ጋር ዱ ኖር ጣቢያ እንደወረደ ተያዘ፤ ማዛ የተባለ እስር ቤት ገባ፤ ያስፈታውም መምህሩ ዦርዥ ኢዛምባር ነው። የልጁን ዕዳ አዋቂው ሰው ከፈለ። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በ1880 ሐረር ገብቶ የቡናና የቆዳ ንግድ ሠራተኛ ሲሆን ለቤተሰቡ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች በገንዘብ ጉዳይ የተሞሉ ነበሩ። ከማንም በላይ በነፃ የተጓዘ የተባለው ገጣሚ፣ ነፃ ጉዞ እንደሌለ ከማንም በላይ ያወቀው እርሱ ነው።

ሁለተኛውን ምስክር እኔ ልጥራ። ፓትሪክ ሊ ፈርመር የተባለው እንግሊዛዊ በ1933 ታኅሣሥ፣ በ18 ዓመቱ፣ ከሆላንድ ጠረፍ ተነሥቶ እስከ ኢስታንቡል ለመድረስ በእግሩ ወጣ። ኪሱ ውስጥ የሚገባው በሳምንት አንድ ፓውንድ ገደማ ነበር። በጎተራ አድሯል፤ የትውውቅ ደብዳቤ ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተ መንግሥት ሲያሳልፈውም በመኳንንት አልጋ ተኝቷል። ይህ ሰው ከሰባኪዎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ አልደበቀም። በ1977 ያሳተመውን መጽሐፍ «የስጦታዎች ጊዜ» ብሎ ሰየመው። ርዕሱ ራሱ ደረሰኝ ነው። «በድፍረቴ ተጓዝሁ» አላለም፤ «ተሰጠኝ» አለ። ጠባብ በጀት ያለው ተጓዥ ሐቀኛ ጸሐፊ መሆን ሲፈልግ መንገዱ ይህ ነው።

ይህን ለመማርም ቢሆን ወደ እንግሊዝ መሄድ ባላስፈለገን ነበር። ቦርሳ አንግቶ በጠባብ በጀት መጓዝን በእኛ አገር የቆሎ ተማሪ ሲኖርበት ነው የኖረው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዜማ ፍለጋ ከጎጃም ጎንደር፣ ቅኔ ፍለጋ ከወሎ ጎጃም ይሻገራል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ብርድ ይቆላዋል። ነገር ግን በየደጃፉ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ጉዞውን የሚያስጉዘው ማን እንደሆነ ጮክ ብሎ እየተናገረ ነው። እንጀራው የሰው መሆኑን ያውቃል። መምህር ከሆነ በኋላም ያጎረሱትን ቤቶች ያነሣል፤ «እኔ በድፍረቴ ተማርሁ» የሚል የቅኔ መምህር እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ደግሞም የተጓዘው ድህነትን ለመቅመስ አልነበረም። ትምህርቱ ያለበት አገር ሩቅ ስለሆነ ነው የተጓዘው።

ወደ አውሮፓ የሄዱት አባቶቻችንም እንደዚሁ ናቸው። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የሐበሻው ቅዱስ እስጢፋኖስ የተባለች ቤተ ክርስቲያን አለች። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በዚያ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት በሮማ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ደግሞ በሮማ የተዋወቃቸው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ አስጠርቷቸው፣ በመስፍኑ በኤርንስት ግብዣ፣ በ1652 ጎታ ድረስ ሄዱ። እኔ ጎታ ላይ ከባቡር የወረድሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ የተቀመጡበትን የፍሪደንሽታይንን ቤተ መንግሥት ከውጭ ዞሬ ለማየት። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ሲታተሙ አባ ጎርጎርዮስ በመርከብ አደጋ ካረፉ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሉዶልፍ ግን የኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፍ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ በስማቸው ጠርቶ መስክሯል። እነሆ ጋባዥ፣ እነሆ እንግዳ፣ እነሆ በስም የተጻፈ ዕዳ። ከዚያ ጉዞ እኛም ለቋንቋችን መጽሐፍ አተረፍን።

«አንተ የምትናገረው በቅናት ነው» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። እኔ ሄጃለሁ። ቪዛዬን ባገኘሁበት ዕለት ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረ በዕድሜ የሚመስለኝ ወጣት ተከለከለ። በመካከላችን የነበረው ልዩነት ድፍረት አልነበረም፤ እኔ ከመሥሪያ ቤት የጻፉልኝ ደብዳቤና ፍራንክፈርት ላይ ስሟን የሰጠችኝ ዘመድ ነበሩኝ። የዘመሪንግን ተራራ ሳይ ያየሁት በሁለት ሰዎች ፊርማ ነው። ይህን ብጽፍ ተራራው አይቀንስም። ባልጽፈው ግን ከኋላዬ ለቆመው ልጅ «ልብ የለህም» ማለቴ ነው።

ስለዚህ አትጓዙ አልልም። ባቡሩ ሊከበር የሚገባው ነገር ነው፤ የአውሮፕላን መስኮት የሚደብቀውን ጓሮ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የመንደር መቃብር ሁሉ ያሳያል። የጀርመን ባቡር በ2016 ታኅሣሥ የመኝታ ባቡሮቹን ሲያቆም የኦስትሪያው ድርጅት ከፊሉን ተረክቦ ማስቀጠሉ ለድኻ ተጓዥ ትልቅ ውለታ ነው፤ የሌሊት ባቡር መቀመጫ፣ ጉልበት ከጉልበት ቢጋጭም፣ የአንድ ሌሊት አልጋ ኪራይ ያተርፋል። ዕድሉ የገጠመው ይሂድ፤ በሶውንም ይያዝ።

የምጠይቀው ሲመለስ ለሚጽፈው ነገር ነው። በቀን ሃያ ዩሮ ዞርሁ የሚል ሁሉ ከጣቢያው በፊት የተከፈለውን ገጽ ጨምሮ ይጻፍ፤ የፓስፖርቱን ዋጋ፣ የጋባዡን ስም፣ የአጎቱን ብድር። የግጥም ምሽት አዘጋጆችም «ድፍረት ብቻ» ለሚለው ስንኝ ከማጨብጨባቸው በፊት ከአዳራሹ ውስጥ ስንቱ ሰው የክልከላ ደብዳቤ በመሳቢያው እንዳለው ያስቡ። ጓዳችንን እየደበቅን የምንጽፈው የጉዞ ማስታወሻ የሌላ ሰው ቀሚስ ነው፤ በልካችን አልተሰፋም። የእኛ የጉዞ ጽሑፍ ሂሳቡን ከነቀሪው ያሳይ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጨረቃውም ስለ ሐዲዱም የፈለገውን ያህል ይቀኝ።

በልማዴ በጥቂት ስንኞች ልሰናበት፦

ድፍረት አጣ አትበሉት፣ ደጅ ሲጠና የከረመ፣
በረሃ ያቋረጠ እግሩ፣ ከደፉ ላይ ነው የቆመ፤
ባቡሩማ ያው ያልፋል፣ መስኮቶቹን እያበራ፣
የተሳፈረ ይመስክር፣ የቀረውንም ይጥራ።

ቸር ያሰንብተን።